ሰማያዊው መስመር

ትልቋ ምራት የላውንደሪውን የኋላ በር ገፋ ስታደርግ መጀመሪያ የሰማችው የትንሿን ምራት ድምፅ ነው። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ! ዝም ብለሽ እመኚኝ» ትላለች። ትልቋ እጇ መዝጊያው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። እሷ የዚህን ቤት ልጅ ካገባች ጀምሮ አማቷን «እትዬ» እያለች፣ «እርስዎ» እያለች፣ ሲቆሙ ቆማ ሲቀመጡ ተቀምጣ ነው የኖረችው። ይቺ ትናንት የመጣች ልጅ ግን ሴትየዋን እንደ አብሮ አደጓ «አንቺ» ትላቸዋለች። እትዬ ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ። እሳቸው ግን ሳቁ። በሠራተኛ ፊት ጥርሳቸውን የማያሳዩት ሴትዮ ከሆዳቸው ሳቁ። ትልቋ በሩን ስትዘጋው ከሚገባው በላይ ጮኸ፤ ማንም ግን ዞር ብሎ አላያትም።

ሁለቱ ከሒሳብ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ጎን ለጎን ተቀምጠው ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠዋል። ትንሿ የተቀመጠችበት ወንበር የትልቋ ወንበር ነው። ማንም በውል አልሰጣትም፤ ግን ትራሱን የሰፋችው እሷ ናት፣ የላላ እግሩን በሽቦ ያሰረችው እሷ ናት፣ ከእትዬ ቀኝ እንዲሆን አድርጋ ያስቀመጠችውም እሷው ናት። ቦርሳዋን የሆቴሉ አንሶላዎች ክምር ላይ ወርወር አደረገችና የሚሠራ ሰው መስላ ኮት መቁጠር ጀመረች። ቤቱ እንደ ወትሮው በእንፋሎት ታፍኗል፤ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ልብስ ተኳሹ ከጥግ ሆኖ አያት፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አላትና «መዝገብ ቤት፣ ዛሬ ወንበርሽን ተወረስሽ እንዴ?» አላት። «መዝገብ ቤት» ሠራተኞቹ ያወጡላት ስም ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ኮቱን እንደገና ከአንድ ጀምራ ቆጠረች።

ዕለቱ የውሳኔ ቀን ነበር። ላውንደሪው ሦስት ሱቅ አለው፤ የሦስቱም ደንበኛና ልብስ የሚመዘገበው በትልቋ የኤክሴል ፋይል ላይ ነው። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ከሱቅ ሱቅ የሚያዞረው ደግሞ ባሏ ነው፤ ንጹሕ ልብስ በሚያደርስበት መኪና፣ ከሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ወሽቆት። በዚህ መሀል አንዱ ሱቅ የተቀበለውን ሸሚዝ ሌላው ሱቅ «አልገባም» ብሎ ከደንበኛ ጋር ይናቆራል። ከኤክሴሉ በፊት የተገዛ ፕሮግራም ነበር። ሻጩ በየዓመቱ የአንድ ማጠቢያ ማሽን ዋጋ የሚያህል የእድሳት ክፍያ እየጠየቀ ኖሮ ኖሮ፣ አንድ ዓመት ክፍያው ሲዘገይ ፕሮግራሙን ከሩቅ ቆለፈባቸው፤ በር ላይ ሰው ተሰልፎ የማን ልብስ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። እትዬ ያን ቀን የማሉት መሐላ ዛሬም አልተፈታም፤ «ሰው የሚቆልፍብኝ ነገር ቤቴ አይገባም»። ትንሿ ምራት ኮምፒዩተር የተማረች ናትና ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ኦፕን ሶርስ ዳታቤዝ ነው የሚያስፈልገን» አለች። አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ የማይገዛ፣ ማንም የማይቆልፈው የመረጃ ቋት። ፖስትግሬስ የሚባለውን መረጠች። ትልቋ ምራት ይህን በሰማች በማግስቱ ማይኤስኪውኤል የሚባለውን መረጠች። ስሙን ያገኘችው ከስልኳ ነው፤ ፖስትግሬስ አለመሆኑ በቂዋ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠ። ትናንት ከሰዓት ትንሿ የኤክሴሉን ፋይል ወደ ፖስትግሬሷ ልታስገባ ስትዘጋጅ ጠርታት ነበር። የትልቋ ፋይል እንደ ሕፃን ሥዕል ነው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መስመር ሞልቶበታል። ቀለሞቹን የፈጠረቻቸው ለራሷ ነው። ቢጫ ጨቅጫቃ ደንበኛ ነው፤ ልብሱ ከመሰጠቱ በፊት አዝራሩ ይቆጠር። ቀይ ቀለሙን የሚለቅ ልብስ ነው፤ ብቻውን ይታጠብ። አረንጓዴ ሲመቸው የሚከፍል የታመነ ሰው። ሰማያዊ ደግሞ አይደወልም ማለት ነው፤ ባልና ሚስቱ የተለያዩበት ቤት፣ ሰው የታመመበት ወይ የሞተበት ቤት፣ ልብሱ እስኪመጡለት በዝምታ የሚጠብቅበት። ትንሿ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ «እታለም፣ ዳታቤዝ ቀለም አይገባውም፤ እነዚህ ትርጉም ካላቸው ንገሪኝና ቦታ ላብጅላቸው» አለቻት። አጠያየቋ ጨዋ ነበር። ከትልቋ አፍ ግን ራሷ የማታውቀው ድምፅ ወጣ። «አይ፣ ለማማር ነው» አለች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእሷ ግን አምልጦ አልነበረም፤ እያወቀች ነው የለቀቀችው። ፋይሉ ይግባላትና ትየው አለች በሆዷ። አንድ ቢጫ ደንበኛ አዝራር ጎደለ ብሎ ይጩህባት፣ አንድ ቀይ ቀሚስ የሰው ነጭ ሸሚዝ ያበላሽ፣ ያኔ እትዬ ዞር ብለው ይፈልጉኛል። እንደገና መፈለግ ነበር የጠማት፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

እኩለ ቀን ላይ የደንበኛ ግርግር ጋብ ሲል እትዬ የመተኮሻውን ጠረጴዛ አስጠርገው ሁለቱን ምራቶቻቸውን ፊት ለፊት አስቀመጡ። የትልቋ ባል ከመኪናው ገብቶ ነበር፤ ነገሩን አየት አድርጎ ዳቦውን ይዞ ወጣ። እናቱና ሚስቱ አንድ ጠረጴዛ ሲከቡ ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነው። እትዬ ማጠቢያ ማሽን ሲመርጡም፣ ሠራተኛ ሲቀጥሩም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ስለ ጥሩው ነገር አይጠይቁም፣ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ነው የሚጠይቁት። ባለቤት የሌለው ነገር ሲበላሽ ማን ላይ ነው የምጮኸው አሉ። ትንሿ ሺህ ሠራተኛ እንዳለው፣ ባለሙያ መቅጠር እንደሚቻል፣ አንዱ ባለሙያ ቢኮራ ሌላው ያንኑ ከፍቶ ማየት እንደሚችል አስረዳች። ለዚህማ የኔውም ያው ነው አለች ትልቋ፤ እንዲያውም ማይኤስኪውኤል የሚያውቅ ልጅ በየመንደሩ ሞልቷል፣ ፖስትግሬስን ግን ፈልገሽ ነው የምታመጪው። ይህን ስትል ድምጿ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ራሷም ተገረመች። ትንሿ ራሷን እየነቀነቀች «እውነቷን ነው፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው» አለች። የሚስማማ ጠላት እንዴት ያናድዳል! ቢከራከሩት ይሻላል።

ከዚያ ትንሿ ላፕቶፑን ወደ እትዬ አዞረችው። ደንበኞቹ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ልብሶቹ በሌላ ሠንጠረዥ እንደሚቀመጡና በመካከላቸው ዝምድና እንዳለ ነገረቻቸው። እትዬ «ዝምድና ካለበትማ ጭቅጭቅ አይጠፋም» ሲሉ ልብስ ተኳሹ ሳይቀር ሳቀ። ዝምድናው ምን እንደሚጠቅም ለማሳየት ልብሱ ገና ላውንደሪው ውስጥ ያለ አንድ ደንበኛ ልትሰርዝ ሞከረች፤ ፖስትግሬስ እምቢ አለ። በወሩ ሠላሳ ሁለተኛ ቀን ገባ ብላ ልብስ ልትመዘግብ ሞከረች፤ አሁንም እምቢ አለ። ስልክ ቁጥር የሌለው ደንበኛ ሰጠችው፤ እሱንም መለሰባት፤ ስልክ የሌለው እንዳይቀበል አዝዤዋለሁ አለች። እትዬ በደስታ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር። ይሄ ደግሞ ያልመሰለውን አይዝም!» አሉ። ትልቋ የኔውም እምቢ ማለት ያውቃል አለች፤ አንብባዋለች። ትንሿም ያውቃል አለች፤ እንዲያውም የሦስት ሱቅ ሥራ ለሁለቱም ቀላል ነው፣ እኔ ፖስትግሬስን የመረጥኩት ስለማውቀውና ነገ የልብሱን ዓይነት፣ የዋጋውን አወጣጥ ስናወሳስበው ስለሚመቸኝ ነው ብላ ቁጭ አለች። እንዲህ የልቧን መናገሯ ደግሞ ሌላ ንዴት ነው።

ትልቋ የቀራትን አወጣች። ሰሞኑን ስልኳ ላይ ያነበበችውና ከሁሉም በላይ የወደደችው ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ማይኤስኪውኤል ላይ ሙጭጭ ያለችበት ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሠሪው ሰውዬ የሰየመው በትልቋ ሴት ልጁ ስም ነው አለች፤ የመጀመሪያ ልጁ ናት፣ ለሥራው ክብር ስለነበረው በእሷ ሰየመው። ይህ በዳታቤዝ ምርጫ ውስጥ ምን እንደሚያገባው ማንም አልጠየቃትም። እትዬ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው «እንዲህ ነው?» አሉ፤ ደስ ያላቸው መሰለ። ትንሿ ግን ምንም ተንኮል በሌለበት ድምፅ «አዎ፣ ኋላ ደግሞ ከእሱ ላይ ተነስቶ ሌላ ሠራና በትንሿ ልጁ ስም ማሪያዲቢ አለው፤ እሱም ጥሩ ነው» አለች። እትዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ብልህ አባት ነው አሉ፤ ማንንም አላስቀየመም። ትልቋም አብራ ሳቀች፤ ጥርሷ ብቻ ነበር የሳቀው። የሩቅ አገር ሰውዬ እንኳ ትንሿን ረስቶ አልተኛም!

«በሉ፣ ወሬው ይብቃ» አሉ እትዬ፤ «በእውነተኛ ሥራ ላይ ልየው»። ትንሿ የዋናውን ሱቅ መረጃ በሙሉ አስገብታ ጨርሳለች። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከወር በላይ ባለቤቱ ያልመጣለትን ልብስ ሁሉ ጠየቀችው፤ ትልቋ ግማሽ ቀን የሚፈጅባትን እሱ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስልክ አጭር መልእክት ሊልክ ይችላል አለች። መስቀያው ተጣቧልና እትዬ በጣም ወደዱት፤ «ላኪው፣ መጥተው ይውሰዱልን» አሉ።

ትልቋ ከኋላቸው ቆማ ስክሪኑን ታያለች። ስሞቹ ሁሉ ነጭ ላይ ጥቁር ሆነው ተደርድረዋል፤ ሰላምተኛው ከጨቅጫቃው፣ ያዘነው ከተደሰተው አይለይም። የተፋታችው አስተማሪ አለች፣ ልጁ የታመመበት ነጋዴ አለ። የሚጮኸው ይጩህ አለች በሆዷ። ዓይኗ ወደ ታች ሲወርድ ግን አንድ መስመር ላይ ተሰካ። «ጋሼ» ይላል ስሙ። አንድ ጥቁር ሙሉ ሱፍ።

ጋሼ የእትዬ ባል ናቸው፤ የሁለቱ ምራቶች አማት፣ ላውንደሪውን የከፈቱት ሰውዬ። ትንሿ አላወቀቻቸውም፤ እሷ ስትመጣ ሞተዋል። ያን ሱፍ በገዛ ሱቃቸው እንደማንኛውም ደንበኛ ተሰልፈው ነው ያስገቡት፤ ባለቤቱ ወረፋ ካልጠበቀ ሠራተኛው ደንበኛ አያከብርም ይሉ ነበር። መዝግቢ ብለው ፊቷ ቆሙ። ስልክ መያዝ አይወዱምና የሚስታቸውን ቁጥር አስጻፏት። ሱፉ ሳይወሰድ እሳቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ መስቀያው ጫፍ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ይኖራል። ላስቲኩ ሲያረጅ ትልቋ ትቀይረዋለች፤ እትዬ ስትቀይር ያዩና ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለ እሱ አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። መስመሩን ሰማያዊ ያደረገችው ትልቋ ናት።

አፏን ከፈተች። «ቆይ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ይህን ጊዜ እትዬ እጃቸውን ትንሿ ትከሻ ላይ አደረጉና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «ይቺን ልጅ እግዜር ነው የላከልኝ» አሉ። ለትልቋ እንዲህ ብለው አያውቁም። አንድ ቀን እንኳ። ትልቋ አፏን ገጠመች። ትንሿ ቁልፉን ተጫነች።

የእትዬ ስልክ ከቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ጮኸ። መነጽራቸውን ስላላመጡ ስልኩን አወጡና ለማንበብ ለሰው አቀበሉ። ሌላ ጊዜ የሚያቀብሉት ለትልቋ ነው። አሁን ቅርብ ያለችው ትንሿ ናት። ትንሿ ፊቷ እየበራ «ይኸው፣ ደረሰ!» አለችና ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ውድ ደንበኛችን ጋሼ፣ አንድ ጥቁር ሙሉ ሱፍዎ ታጥቦና ተተኩሶ ይጠብቅዎታል። እባክዎ መጥተው ይውሰዱ።»

ልብስ ተኳሹ ካውያውን አቆመ። ማጠቢያዎቹ ብቻ ይዞራሉ። ትንሿ ወዲያው አልገባትም፤ የእትዬን ፊት አየች፣ ስልኩን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ከወንበሩ ተነሳች። ዓይኗ ወደ ትልቋ ዞረ። ጠይቄሽ ነበር የሚል ዓይን ነው። ትልቋ፣ ልጅቷ እስክትናገር ጠበቀች፤ ልክ ልኳን ልትነግራት የምትችልበት ጊዜ አሁን ነው። ትንሿ ግን ወደ አማቷ ዞረችና «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማዬ። ሳልልክ ማጣራት ነበረብኝ» አለች። ትልቋ ምን እንደተሰማት ብትናገር ሰው አያምናትም፤ ቀናች። በዚህም ቀናች። ጥፋቱ የራሷ ሆኖ ሳለ ደግነቱን ልጅቷ ወሰደችባት።

እትዬ ወደ መስቀያው ጫፍ ሄዱ። ላስቲኩን ሳያወልቁ ሱፉን አወረዱና ክንዳቸው ላይ አጠፉት። ትልቋ እግሯ በልማዱ ቀደማትና ሮጣ አጠገባቸው ደረሰች፤ «ይስጡኝ፣ እትዬ፣ እኔ ልያዝልዎት» አለች።

«ተዪው» አሉ። «ተጠርቷል እኮ። ልውሰድለት።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሳይዞሩ ነበር የተናገሩት፤ ድምፃቸውም አልከረረም፤ የሸሚዝ ዋጋ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

«ትናንት ለማማር ነው ስትያት ከመጋረጃው ጀርባ ፎጣ አጥፍ ነበር። ታርሚዋለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።» ሱፉን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩ። «በዚህችው በፖስትግሬሷ ይቀጠል። አንቺ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ንገሪያት።»

ወጡ። በመስኮቱ የትልቋ ባል የመኪናውን በር ሲከፍትላቸው ታየ። እናቱ የያዙትን አየ፣ ሚስቱ ያለችበትን መስኮት አየ፣ አንዳች ሳይጠይቅ ሞተሩን አስነሳ። ማታ ቤት ሲገናኙም አይጠይቃትም፤ ይህን ታውቃለች።

ትልቋ መስቀያው ጫፍ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ስታይ ነው ያደረገችው የገባት። ከእትዬ ጋር ምንም አልተባባሉም ነበር፤ እቅፍ የለ፣ ምርቃት የለ፣ «እግዜር ላከልኝ» የለ። አንድ ሱፍና አንድ ሰማያዊ መስመር ነበራቸው። ትንሿ ብትስቅ፣ ብትማር፣ አማቷን «አንቺ» ብትል እዚያ ልትደርስ አትችልም ነበር። ማንም ሊወስድባት የማይችለውን ብቸኛ ነገር በገዛ እጇ ሰጠች። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ደንበኛ ስለገባ ዋጠችው። ሁለት ሸሚዝና አንድ ቀሚስ ተቀበለች፣ ቲኬት ቆረጠች፣ ነገ ከሰዓት ይደርሳል አለች።

ስትመለስ ትንሿ ወንበሩን ለቅቃላት ሌላ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ የጋሼ መስመር ተከፍቷል። ልብሱ ወጥቷልና መዘጋት አለበት፤ ፖስትግሬስ ግን የተረካቢ ስም ካልተሞላ አልዘጋም ብሏል። ትንሿ ማን ልበል ብላ ለመጠየቅ ፈራች። ትልቋ እጇን አሳልፋ ራሷ ጻፈችው፤ «ሚስቱ»። መስመሩ ተዘጋና ከዝርዝሩ ጠፋ።

ከዚያ ትንሿ ለቀለሞቹ አዲስ ቦታ አበጀች። ትልቋ ቢጫውን ነገረቻት፤ ስለ አዝራሮቹ። ቀዩንና አረንጓዴውንም ነገረቻት፤ የማን ቀሚስ የማንን ሸሚዝ እንዳበላሸ፣ ማን በወሩ መጨረሻ እንደሚከፍል። ልጅቷ ሳታቋርጥ ትጽፋለች፤ ስለ ትናንቱ አንድ ቃል አላነሳችም፣ ወደፊትም የምታነሳ አትመስልም። ሰማያዊው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ።

«አይደወልም ማለት ነው» አለች ትልቋ።

ትንሿ እንዳለችው ጻፈችውና አስቀመጠችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሦስቱም ሱቅ፣ ሥራ የጀመረ ማንኛውም ሰው ሊያነበው ይችላል።